ከፋሲካ በኋላ ጾም የለም

ቀየት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሥራቅ፣ ደብረ ብርሃን

እንደምን ከረምሽ? ሆድሽ፣ ወገብሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ይጻፋል ብለው ስላስተማሩን ጻፍኩት እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ደብዳቤሽን ሙሉመቤት አመጣችልኝ። ከእኛ ዘንድ የበግ ፀጉር ብርድ ልብሱን፣ ባናውን እየሰበሰበች ደብረ ብርሃን ወስዳ የምትሸጥ ሴት ነች። መልሴንም የምሰጠው ለእሷው ነው። ለምን አይደውሉልኝም ብለሻል። የቤታችን ስልክ የሚቀመጠው ምራቴ ዘንድ ነው፤ ምራቴ ደግሞ ድምፁን ከፍ ካላደረገች የተነጋገረች አይመስላትም። አንቺ የምትጠይቂኝን ዓይነት ነገር ጎረቤት ሁሉ ሲሰማው ይታይሽ። ደብዳቤ ይሻላል። ባለቤቴ ቄሱም የሰው ደብዳቤ አይከፍቱም።

በጽሕፈቴ አትሳቂ። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ባለቤቴ ቄስ አፈወርቅ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ሲደግሙ ዕድሜዬን በሙሉ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ «ነይ፣ ይቺ ሀ ትባላለች» ብለውኝ አያውቁም። ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት ከምራቴ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ተማርኩ። ማንበብ የቻልኩ ቀን ለምን እስከዛሬ አላስተማሩኝም ብዬ ጠየቅኳቸው። «መቼ ጠየቅሽኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኛ ቤት እንዲህ ነው።

አሁን ስለጠየቅሽኝ ነገር። አልጀመርኩም። አዲስ አበባ ሆስፒታል ጎን ለጎን ተኝተን ሳለን፣ የመጨረሻውን ጨረር የወሰድን ዕለት፣ ነርሷ ሁለታችንን ለብቻ ጠርታ ያቺን የላስቲክ ነገር ስትሰጠን አንቺ ፊትሽን ገልጠሽ ትሰሚያት ነበር። እኔ ነጠላዬን እስከ አገጬ ስቤ ነበር። «ጨረሩ የማህፀንን በር ሲያክም መንገዱን ያጠብባል» ያለችውን ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። ላስቲኳን ከነመጠቅለያዋ ሆስፒታሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትቻት ወጣሁ። ማን አንሥቷት ይሆን ባልኩ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል።

ስለ ቄሱ ለጠየቅሽኝ፣ ጾም ላይ ነኝ። ጽጌን ይዣለሁ። ጽጌ የፈቃድ ጾም መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የፈቀደ ይጾመዋል። ባልና ሚስት ደግሞ በጾም አይቀራረቡም። እንግዲህ በዚህ በኩል የምጽፍልሽ የለም።

ለባልሽ ለምንይሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሆስፒታል ድረስ ሾርባ እየያዘ የሚመጣ ባል ያላት ሴት ዕድለኛ ነች።

ጥሩሸዋ


ቀየት፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ምሥራቅ፣

ጽጌን በፊትም ይጾሙ ነበር ወይ ብለሻል። ከተወለድኩ ጀምሮ ጽጌን ጾሜ አላውቅም። ይኸው መለስኩልሽ፣ ደስ ይበልሽ።

መልስ ሳልሰጥሽ ይህን ያህል በመቆየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሙሉመቤት ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን መለስኳት። ወረቀቱን አወጣና ስምሽን ጽፌ እቀመጣለሁ። እንደ አንቺ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እናቴም ጠይቃኝ አታውቅም፣ ቄሱም።

ከሆስፒታል ስመለስ የሐዋርያት ጾም ነበር። እሱ ሲያልቅ ፍልሰታ ገባ። ሁለቱም የሁሉ ሰው ጾም ነውና ማንም ምንም አላለም። ከዚያ ዓመቱ ተለወጠ፣ መስቀል ደረሰ። ቄሱ በበሽታዬ ጊዜ ሁሉ ታግሠዋል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ ይቀለኝ ነበር። እኔም ብሆን፣ ወረቀት ፊት የለውምና ልንገርሽ፣ ሆስፒታል ተኝቼ የናፈቀኝ ቤቴና በጎቼ ብቻ አልነበሩም።

በመስቀል ሰሞን አንድ ሌሊት የሆነውን አልጽፈውም። ሕመሙ ቢላ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጥርሴን ነከስኩ። ሲነጋ አንሶላው ላይ ደም አየሁ። እሳቸውም አዩት። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እሳቸው ተነሥተው ጓዳ ገብተው መስገድ ጀመሩ፤ እኔ አንሶላውን ይዤ ወደ ወንዝ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጓዳ ገብተው ሲሰግዱ እሰማለሁ። ከእኔ ርኩሰት ራሳቸውን እያነጹ ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆምኩ። አንቺ ዓለም ከተማ ያደግሽ የመርሐቤቴ ልጅ ስለሆንሽ ይህን ታውቂዋለሽ፤ ደም የመጣባት ሴት ከውስጥ አትገባም። ደጅ የሚቆሙት ልጃገረዶቹና አዲስ ሚስቶቹ ናቸው። የወር አበባ ከተወኝ ስንት ዘመን ሆኖኝ፣ እኔ አያታቸው፣ ከመካከላቸው ቆምኩ። ጎረቤቴ ጠጄ ከቅዳሴ ስትወጣ አየችኝና «አንቺ ጥሩሸዋ፣ ልጅነት ተመለሰልሽ እንዴ?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። በሽታዬ ከመታወቁ በፊትም እንዲሁ ነበር። ደሙን ለሐኪም ማሳየት ሲገባኝ ደጅ በመቆም ለመንደሩ ሁሉ ሳሳይ ነው ዓመቱ ያለቀው።

ከዚያ በኋላ ነው ጽጌን የያዝኩት። ጽጌ አልቆ ነቢያት እስኪገባ ያሉትን ቀናት ደግሞ ስእለት አለብኝ ብዬ ሞላኋቸው። አሁን ነቢያት ነው። ሰዉ «የቄሱ ሚስት ከሞት ከተረፈች ወዲህ ጻድቅ ሆነች» እያለ ነው። ትናንት አንዷ የታመመ ልጇን ይዛ መጥታ ጸልዪለት አለችኝ። ምን ልበላት? ጾሜ ከአልጋ መሸሻ እንጂ የእግዚአብሔር አይደለም ልበላት? ልጁን ጭንቅላቱን ዳብሼ ሰደድኳት። እንደዚያ ቀን ራሴን ተጸይፌ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የጨረር እሳት ከእኔ ወደ እሳቸው ይተላለፋል ወይ? መልሱን ደብዳቤው መካከል ላይ ጻፊልኝ፤ መጀመሪያ ላይ እንዳይታይ።

ጥሩሸዋ


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ጥሩሸዋ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎት። ጥምቀትንም በሰላም ያድርስዎ። እኔ ልብስ ስፌቱን እንደገና ጀምሬያለሁ፤ ረጅም ጊዜ መቀመጥ ቢያቅተኝም እየተነሣሁ እሠራለሁ። ምንይሉ ደህና ነው።

እንዳዘዙኝ መካከል ላይ ልጻፈው። አይተላለፍም። ጨረሩ ሕክምናው ያለቀ ዕለት አብሮ አልቋል፤ በሰውነትዎ ውስጥ የቀረ እሳት የለም። በሽታውም ከእርስዎ ወደ ቄሱ የሚሻገር አይደለም። ይህን እኔም ፈርቼ ስለነበር ነርሷን ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ።

እዚህ ላይ ነጠላ መሳብ አይችሉምና ያመለጠዎትን ሁሉ ልጻፍልዎ። ጨረሩ የነካው ሥጋ ይደርቃል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ዝም ከተባለ እየጠበበ ይሄዳል፤ ያቺ ላስቲክ እንዳይጠብ ነው የተሰጠችን። ከትንሿ ይጀመራል። የሚያለሰልስ ቅባት ከፋርማሲ ይገዛል። ቅቤ አይሆንም፤ እንደማውቅዎት ቅቤ ነው የሚያስቡት። ጋደም ብለው፣ ትንፋሽዎን ለቀቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው፤ ሲያምዎ ያቆማሉ፣ በሌላ ቀን ይሞክራሉ። ዕድሜ የሚከለክለው አይደለም። ባል ለሌላትም ይሰጣል፣ ሐኪሙ በኋላ ሲመረምራት እንዳትሠቃይ። ደግሞም ነርሷ ያለችው አለ፤ እስኪሻል ድረስ ባልና ሚስት አልጋ ላይ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር ብቻ አይደለም፣ ተቃቅፎ መተኛትም ቤት ያሞቃል አለች።

ደሙ ግን ያሳስበኛል። ከድርቀቱና ከመጥበቡ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳያየው እኔም እርስዎም አናውቅም። መሐል ሜዳ ከተማ ሐኪም ቤት አለ። እባክዎ ደጅ ቆመው ዓመት አይጠብቁ።

ለቄሱ ይንገሯቸው። ደሙን አይተው ዝም ያሉ ሰው ምን እያሰቡ እንደሆነ እርስዎ አያውቁም።

ከእንግዲህ ሙሉመቤት ደብዳቤውን ሱቃችን ሳይሆን ወንድሜ ቤት ታድርስልኝ። እዚያ ነው የምገኘው።

ልጅዎ ምሥራቅ


ቀየት፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ምሥራቅ፣

ሐኪም ቤት አልሄድኩም። አትቆጪኝ። እንደገና ጋደም ብዬ እግሬን እንድከፍት ሊያዙኝ ነው። ያንን ያህል ሰው አይቶኝ፣ ተማሪ ሐኪሞቹ በየተራ እየገቡ አይተውኝ፣ አሁንም ሌላ ሰው ሊያየኝ ነው። ልብሴን ሳወልቅ የማላፍር የሚመስላቸው አሮጊት ስለሆንኩ ነው።

ሌላ የከፋ ነገር አድርጌያለሁ። እሱን ልንገርሽ።

ከገና በኋላ ሳምንታቱ ባዶ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ አሉ፣ ነነዌም አለች፣ ግን ሰው ሦስት ቀን ጾሞ የት ይደበቃል? ስእለት ብል ደግሞ ስንት ስእለት? ስለዚህ የልጅ ልጄ እየሩስ ብርድ ያማታል ብዬ ከእሷ ጋር መተኛት ጀመርኩ። የምንለብሰው ባና አንድ ነው፤ እኔ ፈትዬው በሁለት ቁራጭ ተሠርቶ መሐሉ ላይ የተሰፋ። ስፌቱን ፈታሁትና ግማሹን ለእሳቸው ትቼ ግማሹን ወሰድኩ።

ቄሱ ስፌቱን ስፈታ ደጃፍ ላይ ቆመው አዩኝ። ምንም ሳይሉ ወጡ። ማታ እራት ከበላን በኋላ አጠገቤ ተቀመጡና «ምን እንደምታስቢ ገብቶኛል» አሉኝ። ደነገጥኩ። «እግዚአብሔር ሲጠራሽ እኔ መሰናክል አልሆንም። ከመነኩሴው ከአባ መርስዔ ኃዘን ጋር ተነጋግሬያለሁ። ከሆሣዕና በፊት ባለው ሐሙስ ቆቡን ያለብሱሻል።»

ገባሽ? ጽጌውን፣ ስእለቱን፣ የተፈታውን ባና ደምረው ልመንኩስ የፈለግሁ መስሏቸዋል። ዕድሜ ልኬን ምን ትፈልጊያለሽ ብለውኝ የማያውቁ ሰው፣ ሳልናገር መለሱልኝ።

በዚያች ሰዓት አይደለም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገርሽ፣ ዕረፍት ነው የተሰማኝ። እማሆይ ጥሩሸዋ እባላለሁ፣ በክብር ለብቻዬ እተኛለሁ፣ ጥያቄ ያልቃል። ቀጥሎ ነው የእሳቸው ነገር የመጣብኝ። ምእመን ቢሆኑ ሌላ ያገባሉ። ቄስ ሁለተኛ አያገባም። እኛ ዘንድ የቄስ ሚስት ስትመነኩስ ቄሱም አብሮ ይመነኩሳል፤ ባልና ሚስትነቱ ያን ዕለት ይፈርሳል። እኔ አፍሬ በምገባበት ቆብ እሳቸውንም ከነሕይወታቸው ይዣቸው ልገባ ነው። እሳቸው ደግሞ ስጦታ እየሰጡኝ ይመስላቸዋል።

ምራቴ የቆቡን ጨርቅ ከመሐል ሜዳ አስመጥታለች። ጠጄ እንኳ አፏን ሰብስባለች፤ ስታገኘኝ ጉልበቴን ልትስም ትፈልጋለች።

አድራሻሽ ለምን እንደተለወጠ አልጻፍሽም።

ጥሩሸዋ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩሸዋ፣

ምንይሉ የለም። ከመስከረም ጀምሮ የለም። ደህና ነው ብዬ የጻፍኩልዎት ሁሉ ውሸት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ዕድለኛ ነሽ ሲሉኝ መስማት ስለምፈልግ ነበር።

ነግሬው ነበር። ነርሷ ያለችውን ሁሉ ቁጭ ብዬ ነገርኩት፤ ጊዜ እንደሚወስድ፣ እንደሚሻል። ሾርባውን ያመላልስ የነበረው እሱ ራሱ ነው፣ ክፉ አልነበረም። ሰማኝ፣ አጽናናኝ፣ ከሁለት ወር በኋላ ልብሱን ሰብስቦ ሸዋ ሮቢት እኅቱ ዘንድ ሄደ። ልጅ እንደማልወልድለት ሲገባው ይመስለኛል። ሱቁ በእሱ ስም ስለነበር መኪናዬን ይዤ ወንድሜ ቤት ገባሁ። የስፌት መኪናዬን ማለቴ ነው።

እንግዲህ ነግራው የተተወችዋ እኔ ነኝ፣ እርስዎን ይንገሯቸው የምለውም እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። ሳልነግረው ቢሄድ ኖሮ ያባረርኩት እኔ ነኝ እያልኩ እኖር ነበር። አሁን ግን ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፣ አውቆም ሄደ። ማታ ማታ አለቅሳለሁ፣ ግን ራሴን አልወቅስም። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

መመንኮስ ቢፈልጉ ኖሮ ጨርቁን ሰፍቼ የምልክልዎ እኔ ነበርኩ። አይፈልጉም። ሆስፒታል ተኝተን የናፈቀዎትን ጽፈውልኛል፣ እኔም አንብቤዋለሁ።

ከሙሉመቤት ጋር የላክሁት ጥቅልል የላስቲኮቹ ስብስብና ቅባቱ ነው። ከውጭ እንዳይታወቅ በወፍራም ጨርቅ ሰፍቼዋለሁ። ሰው ፊት አይፍቱት።

ምሥራቅ


ቀየት፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ምሥራቅ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሦስት ቀን ተናድጄ ሰነበትኩ። ያናደደኝ መዋሸትሽ ሳይሆን በባልሽ ስቀና መክረሜ ነው። ቅዳሴ ቆሜ «የምሥራቅ ባል ሾርባ ያመላልሳል፣ የእኔ ባል ይሰግዳል» እያልኩ እቀና ነበር። አንቺ ያን ጊዜ የወንድምሽ ቤት ወለል ላይ ተኝተሽ ኖሯል። እኔም ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጥቅልሉ ደርሷል። ሙሉመቤት ምንድነው አለችኝ። የወገብ መድኃኒት ነው አልኳት። አሁን እሷም «ወገቤን ያመኛል፣ ለእኔም አንድ ትላክልኝ ብለሽ ጻፊላት» እያለችኝ ነው። አደራ እንዳትልኪላት።

ሁሉም ለገበያ በወጡበት ቀን ፈታሁት። ከትንሿ ጀመርኩ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ግን አልሞትኩም። እንደፈራሁትም አልሆነም። ጨርሼ ስነሣ ያለቀስኩት ስላመመኝ አይደለም። ይህን የገዛ ገላዬን ዕድሜዬን ሙሉ ሳላውቀው መኖሬ ነው፤ ወልጄበታለሁ፣ ታምሜበታለሁ፣ ሐኪም ሁሉ አውቆታል፣ እኔ ብቻ አላውቀውም።

ለቄሱ አልነገርኩም። ስንት ጊዜ ልጀምር ብዬ ስለ በጎቹ አውርቼ ተነሣሁ። ዳዊት ለሚደግም አፍ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል?

ሁዳዴ እየተጋመሰ ነው። ከፋሲካ በኋላ ጾም የለም፤ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕም ዓርብም ይበላል፣ ስግደትም የለም። እሳቸውም ጓዳ ገብተው የሚሰግዱበት፣ እኔም የምጾምበት አይኖርም። ወይ ቆቡ ነው፣ ወይ እውነቱ ነው።

ቆቡ ተሰፍቶ አልቋል። ምራቴ ልኬን ስትወስድ ዝም ብዬ ራሴን ሰጠኋት።

ጥሩሸዋ


ቀየት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምሥራቅ፣

ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ የለም። ስለዚህ በቀጥታ ልጀምር።

ሐሙስ ዕለት ወደ አባ መርስዔ ኃዘን ሄድን። በዓታቸው ገደሉ ዳር ነው፤ ቄሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የምንኩስናውን ልብስ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። ነፋሱ ጋቢያቸውን ይገልጠዋል፣ እሳቸው ግን የሚሸፍኑት ጥቅሉን ነው። ከኋላቸው ሆኜ ያንን እያየሁ ሄድኩ፣ ሄድኩና አላስቻለኝም።

«ይቁሙ» አልኳቸው።

የደከመኝ መስሏቸው የምቀመጥበት ድንጋይ ፈለጉ።

«ቆቡን የፈለግሁት እግዚአብሔርን ሽቼ አይደለም» አልኩ። «ከእርስዎ ለመሸሽ ነው።»

ድንጋዩን በእጃቸው ጠረጉት፣ ጠረጉት። ከዚያ «አውቃለሁ» አሉ።

ምን እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው። ቀና ሳይሉ ነገሩኝ። በመስቀል ሰሞን ደሙን ካዩ ጀምሮ፣ ሐኪም ያዳናትን ሴት እኔ መልሼ ገደልኳት ብለው ኖሯል የሚያስቡት። የገዛ ንስሐ አባታቸውም ዘንድ ሄደው ተናዘዋል፤ ያ ሁሉ ስግደት የንስሐ ስግደት ነበር። እኔ ርኩሰቴን የሚያጥቡ ሲመስለኝ፣ እሳቸው የገዛ ኃጢአታቸውን ነበር የሚያጥቡ። የባናውን ስፌት ስፈታ ሲያዩ ደግሞ መብቷ ነው አሉ። መመንኮሱንም ካሣ አድርገው ነው የያዙት።

አየሽ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሰው፣ ግማሽ ግማሽ ባና ለብሰን።

«ጨረሩ ነው» አልኳቸው። «ያጠበበው ጨረሩ ነው፣ እርስዎ አይደሉም። እኔም አልጠላሁዎትም።» የመጨረሻዋን ስናገር ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ ነበር።

ቀጥሎ የተናገሩትን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፣ ከዚህ በፊት ጠይቀውኝ አያውቁምና።

«ያምሻል? የት ነው የሚያምሽ?»

ነገርኳቸው። እዚያው ገደሉ ዳር፣ በሁዳዴ፣ ቆብ በብብታቸው ይዘው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መድኃኒት የለውም ወይ አሉ። አለው አልኩ። ምን ዓይነት ነው አሉ። ላስቲክ ነው አልኩ። ምን ይመስላል አሉኝ። አሁን ምን ልበላቸው? ጨነቀኝና ጧፍ ይመስላል፣ ወፈር ያለ ጧፍ አልኩ። አፌን በእጄ ያዝኩ፣ ግን ቃሉ ወጥቷል። ቄሱ ወደ ሰማይ ቀና ብለው «አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ ምሳሌ አጣሽ?» አሉና በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው።

አባ መርስዔ ኃዘን ዘንድ ደረስን። ቄሱ ለብቻ ገብተው አነጋገሯቸው። ምን እንዳሏቸው አልጠየቅሁም። ስወጣና ስገባ የምፈራቸው ሽማግሌ ከበዓታቸው ወጥተው ጥቅሉን መለሱልን። «ጾሙን ጨርሱ፣ ፋሲካን በቤታችሁ ፈስኩ» አሉን። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ስንመለስ ጎን ለጎን ሄድን። መንገዱ ለሁለት ሰው አይበቃም፣ ቢሆንም።

ጥሩሸዋ


ቀየት፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሥራቅ

እንደምን ሰነበትሽ? በዓሉን ለብቻሽ እንዳላሳለፍሽ ተስፋ አደርጋለሁ። የላክሁልሽ ቅቤ ለምግብ ነው፤ ምክርሽን ረስቼ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ደሙ። መሐል ሜዳ ሄድን። እንደፈራሁት ጋደም በይ አሉኝ፣ ጋደም አልኩ። ሐኪሟ ወጣት ነች። ቄሱን «አባ፣ ውጭ ይጠብቁ» ስትላቸው፣ መስቀላቸውን በእጃቸው እንደያዙ «የሚነገረው ለሁለታችን ከሆነ እዚሁ ልቁም» አሏት። መጋረጃው ወዲያ ማዶ ሆነው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። በሽታው የተመለሰበት ምልክት አላየሁም፣ የደረቀው ሥጋ ተሰንጥቆ ነው የደማው አለች። ቢሆንም አዲስ አበባ ለሰኔ ቀጠሮ ጽፋልኛለች። ስናልፍ አንቺ ዘንድ እንገባለን። ቄሱ ሊያዩሽ ይፈልጋሉ፤ ያቺን ልጅ ልባርካት ይላሉ። እኔ ግን ፊትሽን ሳይ የጻፍኩልሽ ሁሉ ትዝ ብሎኝ የት እንደምገባ አላውቅም።

ስለ ሌላው ለጠየቅሽኝ፣ ላስቲኩን አልተውኩም። እየሩስ ወደ እናቷ ተመልሳለች። አንድ ጊዜ ሞክረን ቢላው መጣ፣ አቆምን፤ ቄሱ ራሳቸው ናቸው ያቆሙት። ከዚህ ወዲያ ያለውን ለራሴ አስቀራለሁ።

መንደሩ ግን አላስቀረልኝም። የቄሱ ሚስት ከቆብ ደጅ ተመለሰች የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ነው ቤት የገባው። ያች ልጇን ለጸሎት ያመጣችብኝ ሴት አሁን ስታየኝ መንገድ ትለውጣለች። አንዳንዱ ቄሱ ከለከሏት ይላል፣ አንዳንዱ አባ መርስዔ ኃዘን ኃጢአት አገኙባት ይላል። የሚያሳፍረኝ ግን እውነቱን የሚገምቱት ናቸው። በዚህ ዕድሜዋ ይላሉ። ሲሉ ሰምቻለሁ።

ግንቦት ልደታ ዕለት እንደ ወትሮው ሴቶቹ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስበን ንፍሮ ስንበላ ጠጄ ከመሐል ሆና፣ «እማሆይ ልንልሽ አፋችንን አለማምደን ነበር እኮ! ምነው፣ ቆቡ ጠበበሽ?» አለችኝ።

አፋቸው ውስጥ ያለውን ንፍሮ እንኳ አላላመጡም፣ መልሴ እንዳያመልጣቸው። ድሮ ቢሆን ነጠላዬን ስቤ እነሣ ነበር። ስለ ጾም፣ ስለ ስእለት፣ ስለ በሽታ የምለው ሞልቶ ነበር፤ ሁሉንም የለመድኩት ውሸት ነው።

«ቄሱ ይበርዳቸዋል» አልኩ።

ቀድማ የሳቀችው ራሷ ጠጄ ነች፣ ጉልበቷን እየመታች፤ ከዚያ ሁሉም። ፊቴ እሳት ሆነ። ዛሬም ይህን ስጽፍልሽ እየነደደ ነው።

ተነሥቼ ግን አልሄድኩም።

ጥሩሸዋ